ሐይቅ ወለድ በረዶ ወደሚጥልበት አገር ለሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው የዝግጅት መመሪያ

በዲቪ፣ በትምህርት፣ በሥራ ወይም ልጅ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በታኅሣሥና በጥር ወደ ቡፋሎ፣ ወደ ሮቸስተር፣ ወደ ሲራክዩዝ ወይም ወደ ክሊቭላንድ የሚሄዱ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚሰሙት ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ እርሱም «ወፍራም ጃኬት ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። እነዚህ ከተሞች በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አጠገብ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በዚያ አካባቢ ሰውን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ከሐይቁ ተነሥቶ በአንድ ሰፈር ላይ በሰዓታት ውስጥ የሚቆለለው በረዶ ጭምር ነው። ስለዚህ ተጓዡ ከጃኬቱ አስቀድሞ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና የሚኖርበት ሰፈር ከሐይቁ በየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ የልብሱም፣ የቤቱም፣ የመኪናውም ዝግጅት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

በረዶው ከየት ይመጣል?

ሐይቆቹ በሞቃታማዎቹ ወራት ያጠራቀሙትን ሙቀት ቶሎ አይለቁም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከካናዳ በኩል የሚወርደው ደረቅና እጅግ ቀዝቃዛ አየር ገና ባልቀዘቀዘው ውኃ ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይሞቃል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ወደ ላይም ይነሣል፤ በኅዳር ማለዳ ፍል ውሃ አካባቢ ከሞቀው ውኃ የሚነሣውን እንፋሎት ያስተዋለ ሰው የነገሩን መጀመሪያ አይቷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ የስፋት ነው፤ የኢሪ ሐይቅ ብቻውን 25,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የጣናን ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ርዝመቱም 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች በሐይቁ ገጽና በ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው አየር መካከል ቢያንስ የ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ሲኖር ለዚህ ዓይነቱ በረዶ ሁኔታው እንደተመቻቸ ይቆጥራሉ። የተነሣው እርጥበት ደመና ሆኖ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት የብስ ሲደርስ በረዶውን ያራግፋል።

ነፋሱ የሐይቁን ርዝመት ተከትሎ ሲነፍስ በውኃው ላይ የሚጓዘው ርቀት ስለሚበዛ ደመናው በአንድ ጠባብ መስመር ይሰበሰባል። የዚህ መስመር ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ከመስመሩ ሥር ባለው ሰፈር በሰዓት ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር በረዶ ሲጥል ከመስመሩ ውጭ ያለው ሰው ፀሐይ ሊሞቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 ቡፋሎ ላይ የደረሰው ይህንኑ ያሳያል፤ ከከተማው በስተደቡብና በስተምሥራቅ ያሉ አካባቢዎች ከ1.5 ሜትር በላይ በረዶ ሲከመርባቸው በስተሰሜን ያሉት በጥቂት ሴንቲሜትር አለፉ፣ በአውራ ጎዳናው ላይም መኪናቸው ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ተይዘው የቆዩ ሰዎች ነበሩ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ከቡፋሎ በስተደቡብ የምትገኘው ኦርቻርድ ፓርክ 2 ሜትር ያህል በረዶ ወርዶባታል።

ቤት ለሚያፈላልግ ሰው ከዚህ የሚገኝ ተግባራዊ ትምህርት አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ ክፍል የሚከራይ ሰው የኪራዩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን አድራሻውንም በካርታ ላይ ቢያስቀምጠው ይጠቀማል። የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የኢሪን ሐይቅ ተከትሎ ወደ ቡፋሎ ስለሚነፍስ፣ በደቡብ በኩል ያሉት ላካዋና፣ ዌስት ሴኔካ፣ ሃምበርግና ኦርቻርድ ፓርክ በሰሜን ካሉት ከአምኸርስትና ከቶናዋንዳ ይልቅ በተደጋጋሚ ይመታሉ። በደቡብ መኖር አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ገና መኪና ያልገዛና ወደ ሥራው በአውቶቡስ የሚመላለስ አዲስ ነዋሪ የመጀመሪያውን ዓመት በሰሜን ቢያሳልፍ እኔ እመርጥለታለሁ። በቺካጎ ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ዘመድ የሚሰጠው ምክርም እንዳለ መወሰድ የለበትም፤ ሁለቱ ከተሞች በሐይቆቻቸው ምዕራባዊና ሰሜን ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ስለሚገኙ የተለመደው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ በረዶውን ከእነርሱ አርቆ ወደ ማዶ ይወስደዋል።

ወቅቱም እንደየሐይቁ ይለያያል። ኢሪ በአማካይ 19 ሜትር ብቻ ጥልቀት ስላለው በጥርና በየካቲት ገጹ በብርድ ረግቶ ግግር በረዶ ሲሆን እርጥበት መስጠቱን ይቀንሳል፤ ኦንታሪዮ ግን በአማካይ 86 ሜትር ጥልቀት ስላለው ሙሉ በሙሉ የሚረጋበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በዓመት በአማካይ 3 ሜትር ያህል በረዶ የምታገኘው ሲራክዩዝ እስከ መጋቢት ድረስ እፎይታ የላትም። የኢሪ መርጋትም ቢሆን ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ በጃንዋሪ 1977 ሐይቁ ረግቶ ሳለ በላዩ የተጠራቀመውን ደቃቅ በረዶ ኃይለኛ ነፋስ እያነሣ ቡፋሎን ለቀናት ዘግቷታል።

ትንበያውን ማንበብ

በአሜሪካ ትንበያው የሚነገረው በኢንችና በፋራናይት ነው። አንድ ኢንች 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 32 ፋራናይት የእኛ ዜሮ ሲሆን፣ የእነርሱ ዜሮ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው። ከሙቀቱ ቁጥር ጎን «ዊንድ ቺል» ተብሎ የሚጻፈው የነፋሱ ቅዝቃዜ ሲጨመር ገላ የሚሰማው ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ አየር ላይ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ቢጨመር ከዜሮ በታች 28 ሆኖ ይቆጠራል፣ ያልተሸፈነ ቆዳም በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊመታ ይችላል። አዲስ አበባ በረዶ ሲወርድ ቆርቆሮው ያሳውቃል፤ የዚያኛው በረዶ ግን ድምፅ ስለሌለው ማታ ከመተኛት በፊት ትንበያ ማየት ልማድ መሆን አለበት።

የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ማስታወቂያዎች ደረጃ አላቸው። «ዎች» ከተባለ አደጋው ሊመጣ ይችላል ማለት ስለሆነ የሚገዛውን ለመግዛት ጊዜ አለ፤ «ሌክ ኢፌክት ስኖው ዋርኒንግ» ከተባለ ግን ሐይቅ ወለዱ በረዶ ደርሷል ወይም በሰዓታት ውስጥ ይደርሳል፣ ስለዚህ ከቤት መውጣት ይቁም። የአካባቢው አስተዳደር «ትራቭል ባን» ካወጀ መኪና ማሽከርከር ሕግ መጣስ ነው። በዲሴምበር 2022 የገና ሰሞን በቡፋሎና በአካባቢው በወረደው ማዕበል ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም መካከል በመንገድ ላይ፣ በመኪና ውስጥና ማሞቂያ በተቋረጠበት ቤት የተገኙ ነበሩ፣ አምቡላንስም ወደ ብዙዎቹ ሊደርስ አልቻለም። ሥራ እንዳይቀርብኝ ብሎ በእንዲህ ያለ ቀን መውጣት አዲስ መጤዎችን የሚፈትን ነገር ነው፤ አለቃው ራሱ ከቤት እንዳልወጣ ግን ማሰብ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ምን ይገዛ?

በእኔ አስተያየት እዚህ የሚወጣው ገንዘብ ገላ ላይ በሚለበሰውና በመካከለኛው ልብስ ላይ ቢውል ይሻላል። ውጫዊው ጃኬትና ቡት ጫማው ለዚያ አገር ብርድ ተብሎ ተሠርቶ በዚያው አገር ስለሚሸጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤትና ከቤት እስከ ሱቅ የሚያደርስ አንድ ደህና ጃኬት ከተገኘ ይበቃል።

አለባበሱ ሦስት ድርብ ነው። ገላ ላይ የሚያርፈው ላብን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ቀጭን የሱፍ ወይም የፖሊስተር ልብስ መሆን አለበት፤ ረጅም እጅጌ ያለው ሹራብና ከሱሪ ሥር የሚለበስ ረጅም የውስጥ ሱሪ ማለት ነው። ጥጥ እዚህ ቦታ አይገባም፤ ላቡን ይዞ ስለሚቀር ሰውየው ከአውቶቡስ ወርዶ ነፋስ ሲያገኘው ርጥብ ጨርቅ እንደለበሰ ይቆጠራል። በመካከል የሚገባው ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ሹራብ ወይም ፍሊስ ነው። ከላይ የሚደረበው ጃኬት ደግሞ ነፋስና ውኃ የማያሳልፍ፣ ዳሌን የሚሸፍንና ኮፍያ ያለው ይሁን። ሁሉም በላላ ልክ ቢገዛ ይመረጣል፤ ሙቀቱን የሚይዘው በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ነውና።

መርካቶ ሰልባጅ መካከል የሚገኙ ጃኬቶች ብዙዎቹ ከእነዚያው ቀዝቃዛ አገሮች የመጡ ስለሆኑ መፈተኑን ለሚያውቅ ሰው ከአዲሱ የተሻሉ ሆነው ይገኛሉ። ፈተናው ቀላል ነው። ጨርቁን አፍ ላይ ገጥሞ አጥብቆ መንፋት ነው፤ ትንፋሹ በማዶ በኩል በመዳፍ ላይ ከተሰማ የሐይቁም ነፋስ ያልፍበታል። ቀጥሎ ከታሸገ ውኃ ላይ ጥቂት ጠብታ በትከሻው ላይ ማድረግና መጠበቅ ነው፤ ውኃው ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው፣ ወደ ጨርቁ ሠርጎ ጠቆር ያለ ክብ ከሠራ ግን መከላከያው አልቋል። ላባ የተሞላ ከሆነ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ላባው ታጥቦ ከተጓጎለና በመካከሉ ባዶ ጨርቅ ብቻ ከቀረ በዚያ በኩል ብርድ ይገባል። ዚፑን ጓንት አድርጎ መክፈትና መዝጋት መሞከርም አይከፋም፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ከዘመድ በስጦታ የሚመጣውን የቆዳ ጃኬት በተመለከተ፣ ለሠርግና ለፎቶ ያገለግላል እንጂ ለበረዶ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ያበላሸዋል። ጋቢ ለቤት ውስጥ ወደር የለውም፣ ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ ከጃኬት ሥር አድርጎ መውጣት አይመከርም። ከመንዝ የሚመጣው ባና ግን የበግ ጠጉር ስለሆነ ቢረጥብም ሙቀት አይለቅም፤ ክብደቱን የሚችል ሻንጣ ያለው ሰው አንድ ቢይዝ መኪና ሲገዛ ከኋላ ያስቀምጠዋል።

ለእጅና ለእግር ሲመረጥ፣ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚይዝ ጓንት ጣት ከሚለያየው ይበልጥ ያሞቃል፤ ካልሲው ሱፍ ይሁን፤ ጫማውም ወፍራሙን ካልሲ እንዲችል ከተለመደው ልክ ከፍ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ጫማ ደም ስለሚያግድ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን እግርን ያቀዘቅዛል።

የመጀመሪያው ቀን ልብስ ከእጅ ሻንጣ እንዳይለይ። የተላከው ሻንጣ ቢዘገይ ተጓዡ በቦሌ የለበሰውን ቀጭን ሸሚዝ ይዞ በረዶ ላይ ይቀራል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይያዙ፤ መብራት ሲጠፋ ሳይበስሉ የሚበሉ ናቸውና። ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ እዚሁ ይቅር፤ ሌላውንም ምግብ ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ቤት ውስጥ፦ ከብርዱ ይልቅ ጭሱ

የዚያ አገር ቤት በአዲስ አበባ ከምናውቀው ቤት የሚለይበት ትልቁ ነገር አየር እንዳያስገባ ተደርጎ መዘጋቱ ነው። እኛ ዘንድ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ዳር የሚገባው ነፋስ ብርድ ቢያስገባም ጭስ ያስወጣል፤ ያም ሆኖ ከሰል ይዘው ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦችን ወሬ ያልሰማ የለም። በታሸገው ቤት አደጋው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ቡና በከሰል ማፍላት፣ ጋራዥ ውስጥም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይገባም። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ይጣድ፤ ዕጣኑም ጥቂት ይሁን፣ የጭስ ማንቂያው ከጮኸ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በር ላይ ሊቆሙ ይችላሉና።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የሚያሳውቀው ማንቂያ መሣሪያ ብቻ ነው። ቤት የተከራየ ሰው በመጀመሪያው ዕለት መሣሪያው በመኝታ ክፍል አጠገብ መኖሩንና ባትሪው መሥራቱን ቁልፉን ተጭኖ ያረጋግጥ፤ ከሌለ አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቅ። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ጭሱን በግድግዳ በኩል በቧንቧ ስለሚያስወጣ፣ በረዶው ሲቆለል ይህ ቧንቧ እንዳይደፈን ወጣ ብሎ መጥረግ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተርን በቤት፣ በምድር ቤት ወይም በጋራዥ ውስጥ ማስነሣት፣ የምግብ ማብሰያ ምድጃን ከፍቶ መሞቅም ክልክል ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ከታየ ሁሉም ወደ ውጭ ወጥተው ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥሩ 911 ይደውሉ።

ማሞቂያውን ለቁጠባ ብሎ ማጥፋት ውድ ስሕተት ነው። ቤቱ ሲቀዘቅዝ በግድግዳ ውስጥ ያለው የውኃ ቧንቧ ይረጋና ይፈነዳል፤ ለጥቂት ቀን ቤቱን ለቆ የሚሄድም ሰው ቢያንስ በ55 ፋራናይት፣ ማለትም በ13 ዲግሪ ገደማ ይተወው። እጅግ በቀዘቀዘ ሌሊት ቧንቧን በቀጭኑ አንጠባጥቦ ማደርና የእቃ ማጠቢያውን ሥር ቁም ሣጥን ክፍት መተው ይረዳል። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ሂሳቡ ለከበደበት አነስተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ «ሂፕ» የሚባል የማሞቂያ ድጎማ ስላለ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወጥቶ መግባት

በረዶ ላይ አረማመዱ አጭር፣ ጫማው ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካ፣ እጅም ከኪስ የወጣ ይሁን። አደገኛው ነጩ በረዶ ሳይሆን ቀልጦ እንደገና የረጋው፣ አስፋልቱን እያሳየ የሚያታልለው ስስ ግግር ነው። ሕፃን አዝሎ በረዶ ላይ መሄድ የእናትንም የልጅንም አደጋ ያበዛል። በመኪና ውስጥ ደግሞ ሕፃኑ ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ በመቀመጫው ቀበቶ መታሰር የለበትም፤ ጃኬቱ በግጭት ጊዜ ስለሚታመቅ ቀበቶው ይላላል። ቀበቶው በቀጭን ልብስ ላይ ይጠበቅና ጃኬቱ ወይም ብርድ ልብሱ ከላይ ይደረብ።

ጆሮ፣ አፍንጫና ጣት መጀመሪያ የሚመቱት ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ የቀለሙ ለውጥ ቶሎ ስለማይታይ ስሜቱን መከታተል ይሻላል፤ ሲቆረቁር የነበረው ጣት ድንገት ዝም ካለ፣ ሲዳስሱትም ሰም መስሎ ከጠነከረ፣ በብርድ ተመትቷል። በበረዶ ማሸት ወይም እሳት ዳር ማቅረብ ይጎዳል፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆየትና ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሰው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ አንደበቱ ከተሳሰረና ግራ ከተጋባ የገላው ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል 911 ይጠራ። አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት እዚያ አገር ሰው ይገድላል፤ የቆዳን ደም ሥር ስለሚያሰፋ የመሞቅ ስሜት እየሰጠ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል።

መኪና ያለው ሰው ነዳጁ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ፣ ከኋላም አካፋ፣ የመስታወት መፋቂያ፣ ባትሪ መብራት፣ ውኃ፣ ቆሎና ባናው እንዳይጠፉ ይጠብቅ። ፀሐይ ላይ እየነዱ ሳለ ከፊት ነጭ ግድግዳ የመሰለ ነገር ከታየ የበረዶው መስመር ነው፤ ከመግባት በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ከተቻለም ከአውራ ጎዳናው መውጣት ይሻላል። ተይዘው ከቀሩ ከመኪናው አይውጡ፤ በነጩ ውስጥ ጥቂት እርምጃ የራቀ ሰው መመለሻው ይጠፋዋል። ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ያስነሡ፤ ከማስነሣትዎ በፊት ግን ማርሚታው በበረዶ አለመቀበሩን አይተው ይጥረጉ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩልም መስኮት በጥቂቱ ይክፈቱ። በረዶ ከቀበረው ማርሚታ የሚመለሰው ጭስ ያው የከሰሉ ጭስ ነው።

በመጨረሻ ስለ ወላጆች። እዚያ አገር ወልዳ ወደምትታረስ ልጃቸው የሚጓዙ አባቶች ተቀምጦ መብላት ስለሚከብዳቸው ጠዋት አካፋ አንሥተው በረዶ ሊጠርጉ ይወጣሉ። በብርድ ውስጥ ከባድ ጉልበት ማፍሰስ ልብን ስለሚያስጨንቅ በየዓመቱ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ በልብ ድካም የሚወድቁ ሰዎች አሉ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አባት አካፋውን ጭራሽ አይንካ፤ ጤነኛውም ቢሆን በረዶውን ከማንሣት ይልቅ ይግፋው፣ ቶሎ ቶሎም ይረፍ። ልጆቹ ይህን በስልክ ሳይሆን አባት አዲስ አበባ ሳሉ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እዚያ ከደረሱ በኋላ «እኔ ገበሬ ነኝ» የሚለውን መልስ ማሸነፍ አይቻልም።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሱቆቹ የብርድ ልብስን በቅናሽ ስለሚያወጡ፣ የመጀመሪያውን ወቅት በተበደረ ቡት ያለፈ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ጫማና ጃኬት ያኔ ይግዛ።